የጤና ቡድን እግር ኳስ በቆላ፦ መቼ መጫወት፣ መቼ መቀመጥ አለብዎ?

«የጤና ቡድን» በአገራችን ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመትን ያለፉ፣ አንዳንዶቹም ሃምሳን የተሻገሩ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ በማለዳ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ሹፌሩ፣ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው አንድ ማልያ ለብሰው ይሰለፋሉ። ጨዋታው አንድ ሰዓት ከፈጀ፣ ስለ ጨዋታው የሚደረገው ክርክርና ቀልድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ኳስና ማልያ በመዋጮ ይገዛል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ቤት ቡድኑ አብሮ ይሄዳል። አገር የቀየሩ ወገኖቻችንም ይህን ልማድ ይዘውት ሄደዋል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የተመሠረተው በኳስ ሰበብ ለመገናኘት ነው። በካናዳ ያሉ የዕድሜ እኩዮቻቸው ደግሞ ማታ ከሥራ በኋላ በበረዶ ሜዳ ላይ ሆኪ ይጫወታሉ። ሜዳው ይለያያል እንጂ ሰውን የሚያመጣው ነገር አንድ ነው።

ይህ ጽሑፍ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በአካባቢው ቆላ ለሚጫወቱ ጎልማሶችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ የስፖርት ምክር እዚህ ሳይለወጥ አይሠራም። ሙቀቱ የተለየ ነው፤ ወባ አለ፤ ካላዛር አለ። በተለይ ካላዛርና ወባ የሚያሳብጡት ጣፊያ በአንድ የክርን ምት ሊቀደድ እንደሚችል ብዙ ተጫዋቾች አያውቁም። ስለዚህ ጉዳይ ከታች በሰፊው እንመለስበታለን።

ጨዋታው ለሰውነትዎ የሚያደርገው

በአጭሩ፣ ብዙ ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ጎልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እግር ኳስ ጠንከር ካሉት ይመደባል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች መጠነኛ የደም ግፊት ያለባቸውን ጎልማሶች በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ለስድስት ወር በትንሽ ሜዳ ኳስ እንዲጫወቱ አድርገው የደም ግፊታቸው በግልጽ መቀነሱን አይተዋል።

ችግሩ ያለው ሳምንቱን ሙሉ ከወንበር ሳይነሡ ቆይቶ እሑድ ጠዋት እንደ ሃያ ዓመት ልጅ መሮጥ ላይ ነው። በካናዳ ለመዝናናት ሆኪ የሚጫወቱ ጎልማሶችን የልብ ምት በጨዋታ ላይ የለኩ ሐኪሞች፣ ምታቸው ለዕድሜያቸው ከሚመከረው በላይ እንደሚወጣ አሳይተዋል። ተጫዋቹ ራሱ ግን ይህ አይታወቀውም፤ ጨዋታው ይወስደዋል፤ ጓደኞቹም «ሩጥ እንጂ!» ይሉታል። በረዶ ላይ እንዲህ ከሆነ በመተማ ፀሐይ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ስለዚህ በሳምንቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ቀን ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ። ሜዳ ላይም ከጨዋታው በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል ሰውነትዎን ያሙቁ። «እዚህ አገር ማን ያልሞቀ አለ?» የሚለው ቀልድ ለጡንቻና ለልብ አይሠራም።

ሙቀቱ

መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎንደር ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቀኑ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሰውነት በእንቅስቃሴ የሚፈጥረውን ሙቀት በዋናነት የሚያስወግደው በላብ ነው፤ ላቡ ግን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ፣ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ ሳለ አየሩ ሲረጥብ፣ ላብዎ ሳይተን ማልያዎ ላይ ይቀራል። በመጋቢት ደረቅ ሙቀት የለመዱ ሰዎች «ዛሬ እንኳ ቀዝቀዝ ብሏል» በሚሉበት በመስከረም ቀን የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ፊፋ ሙቀትን፣ እርጥበትንና የፀሐይን ጨረር አንድ ላይ የሚለካው መለኪያ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ጨዋታው ቆሞ ተጫዋቾች እንዲቀዘቅዙ ማድረግ የጀመረው በ2014 የብራዚል ዓለም ዋንጫ ነው። እነዚያ ተጫዋቾች ወጣቶችና ሐኪም ከጎናቸው የማይለይ ናቸው። የእርስዎ ቡድን መለኪያም ሐኪምም ስለሌለው ጥንቃቄው ከዚያ መብለጥ አለበት። በየ15 ደቂቃው ይቁሙ፤ ጥላ ሥር ይግቡ፤ ውኃ ይጠጡ፤ ራስዎና አንገትዎ ላይ ውኃ ያፍስሱ።

ከሰዓቶች ሁሉ የሚሻለው ማለዳ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ በሞቃቱ ወራት ባይጫወቱ ይመረጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ መጫወት የተለመደ ቢሆንም ሁለት ጉድለት አለበት፤ መሬቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት እየመለሰ ነው፤ የወባ ትንኝና ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም መንከስ የሚጀምሩት ሲመሽ ነው።

ከደጋ በቅርብ የመጡ ከሆነ፣ በዝውውር የመጣ መምህርም ይሁኑ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ ሠራተኛ፣ ሰውነትዎ ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ሳምንት በግማሽ ጉልበት ከ20 ደቂቃ በላይ አይጫወቱ። አዲስ የመጣን ሰው ቡድኑ «እስኪ አሳየን» እያለ ማፋጠኑ የተለመደ ፍቅር ነው፤ ግን በሙቀት የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ ያልለመዱትና ራሳቸውን ማሳየት የሚፈልጉት ናቸው።

ለመጠጥ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጫወቱ ወይም በጣም ካላበዎት ኦአርኤስ ይጠጡ፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጨው አያብዙ። ሽንትዎ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውኃ ጎድሎዎታል። በአንጻሩ ሳይጠሙ ሊትር በሊትር ውኃ ብቻ መጋትም የሰውነትን ጨው ስለሚያቀጥን ጉዳት አለው። አንድ ጣሳ ለሃያ ሰው ከማዞር ይልቅ እያንዳንዱ የራሱን ፕላስቲክ ይያዝ፤ ኮሌራ የሚነሣበት አካባቢ ስለሆነ ይህ የንጽሕና ቅንጦት አይደለም።

ቅዳሜ ማታ አረቄ ከጠጡ እሑድ ጠዋት ሰውነትዎ ደርቆ ነው የሚነሣው፤ ያን ቀን ይዳኙ እንጂ አይሩጡ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ከጨዋታ በፊት አይቅሙ። በረመዳን ወይም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በሚጾምበት ጊዜ ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ በፀሐይ መጫወት የለብዎትም። ቡድኑ በእነዚያ ሳምንታት ሰዓቱን ወደ ማታ ገፋ ቢያደርግ ወይም ጨዋታውን አቁሞ ለቡና ብቻ ቢገናኝ የሚጎድልበት ነገር የለም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የጡንቻ መኮማተር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ሰውዬው ጥላ ሥር ይተኛ፤ እግሩ ከፍ ይበል፤ ጫማውና ማልያው ይውለቅ፤ ኦአርኤስ ይጠጣ፤ በዚያ ቀን ተመልሶ አይግባ። ነገር ግን ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ፣ የሚጫወትበትን አቅጣጫ ከረሳ ወይም ከወደቀና ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ፣ ይህ ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት ገዳይ የሙቀት ጉዳት ነው። «ላብ ስላለው ደህና ነው» አትበሉ፤ በእንቅስቃሴ የሚመጣው ዓይነት ላብ እያለም ይገድላል።

እዚያው ሜዳ ላይ አቀዝቅዙት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው ቅደም ተከተሉ። ትልቅ ገንዳ ወይም በርሜል ካለ ራሱን ከውኃ በላይ ደግፋችሁ እስከ አንገቱ ንከሩት። ከሌለ ያገኛችሁትን ውኃ ሁሉ በመላ ሰውነቱ ላይ ሳታቋርጡ አፍስሱ፤ በማልያና በካርቶን አራግቡት፤ ከለስላሳ መጠጥ ሻጩ በረዶ አምጥታችሁ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን የሳተን ሰው ምንም አታጠጡ። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርደውም። ባጃጅ ውስጥም ማቀዝቀዛችሁን ቀጥሉ።

ትኩሳት ያለው ሰው አይጫወትም

«ትንሽ ሮጥ ሮጥ ብለህ ላብ ቢወጣህ ይለቅሃል» የሚለውን ምክር ያልሰማ ተጫዋች የለም። ስሕተት ነው። ትኩሳት ያለበት ሰውነት ቀድሞውኑ ግሏል፤ ልቡም ያለ እረፍት እየሠራ ነው። እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ለሂት ስትሮክና ለልብ ጉዳት ይዳርገዋል።

በቆላችን ወባ በብዛት የሚታየው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቢሆንም በሌሎች ወራትም አይጠፋም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከተሰማዎት በዚያው ቀን በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ደምዎን ይመርመሩ። ፋልሲፓረም በተባለው ዓይነት የሚሰጠው ኮአርተም በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በሚገባ ይሠራል። ቫይቫክስ ከሆነ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ተሕዋስ የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ሊጨመርልዎ ይችላል፤ እሱን ሳይጨርሱ ካቆሙ በሽታው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል።

ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ቀለል ይለውና የሳምንቱ መጨረሻ ጨዋታ ይናፍቀዋል። መድኃኒቱን ሳይጨርሱ፣ ትኩሳቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋና የምግብ ፍላጎትዎ ሳይመለስ ሜዳ አይግቡ። ከዚያም በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት በእግር ጉዞ ብቻ ይቆዩ። ወደ ጨዋታ ከመመለስዎ በፊት ደግሞ ባለሙያው ሆድዎን በእጁ ዳስሶ ጣፊያዎ ማበጡን ወይም አለማበጡን እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ይህን ካልጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚነግርዎ የለም፤ ባለሙያው ኳስ እንደሚጫወቱ አያውቅምና።

ጣፊያ

ጣፊያ በግራ ጎንዎ ከጎድን አጥንቶች ሥር ተሸፍኖ የሚገኝ፣ በደም የተሞላ ለስላሳ አካል ነው። ጤነኛ ሲሆን በእጅ አይዳሰስም፤ አጥንቶቹም ይከላከሉለታል። በወባ ሲያብጥ ግን ከአጥንቱ ሥር ይወጣል፤ በካላዛር ደግሞ እስከ እምብርት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ሽፋኑ ይወጠራል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ጣፊያ በጉልበት፣ በክርን፣ በቅርብ በተመታ ኳስ ወይም በመውደቅ ብቻ ሊቀደድና ሆድ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ካላዛር መተማንና ሁመራን ከሚያካትተው የሰሜን ምዕራብ ቆላ ጋር ለረጅም ጊዜ ስሙ የተያያዘ በሽታ ነው። የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ የዋልካ መሬት ስንጥቅ፣ ኩይሳና የግራር ዛፍ ሥር መኖሪያዋ ነው። በእርሻ ወቅት ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ያለ አጎበር የሚያድር ሰው በብዛት ይጋለጣል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል።

ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ የደም ማነስ፣ የግራ ጎን መክበድ ወይም ሆድ መነፋት፣ አንዳንዴም ነስር ናቸው። በዝግታ ስለሚመጣ ታማሚው ራሱ «ወባ ናት፣ ትመላለሳለች» እያለ ወራት ያሳልፋል። እዚህ ላይ የቡድን ጓደኛ ከሐኪም ቀድሞ ያያል። አምና ሁለቱንም አጋማሽ ይጨርስ የነበረው ሰው ዘንድሮ በአሥረኛው ደቂቃ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቆማል። ቁምጣው ይሰፋዋል። ከሰሊጥ ሥራ ሲመለስ ፊቱ ገርጥቷል። ይህን ሲያዩ «ሸመገልክ!» ብለው ብቻ አይለፉት። ለብቻው ጠርተው ትኩሳት እንዳለው ይጠይቁት፤ የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ከሆነ የካላዛር ምርመራ እንዲጠይቅ ይንገሩት፤ ቢቻል አብረውት ይሂዱ። ዕለታዊ ደመወዙን ትቶ ለመሄድ ለሚቸገር ሰው፣ ለማልያ የሚዋጣው ገንዘብ ለትራንስፖርት ቢውል የተሻለ ሥራ የለውም።

ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ይጀመራል። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረጋል፤ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ ሁለት መርፌዎችን በየቀኑ ለ17 ቀን መውሰድ ነው። በአካባቢው መተማ ሆስፒታል ሕክምናውን ይሰጣል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ከመተማ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ በጸጥታ ምክንያትም የማይኬድበት ቀን ይኖራል። ሰውየው በሸክም እስኪወሰድ ከመጠበቅ፣ በእግሩ መሄድ በሚችልበት ጊዜ እንዲሄድ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ካላዛር አለብዎ ተብሎ ከተነገረዎት ወይም ጣፊያዎ ካበጠ፣ እግር ኳስ፣ ትግል፣ ከባድ ሸክም ማንሣትና ሆድ ላይ ምት ሊያመጣ የሚችል ማንኛውም ነገር ይቅርብዎ። «በረኛ ልሁን» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ በረኛ ከሁሉ በላይ ይጋጫል፣ ይወድቃል። በሕክምናው 17 ቀናት ደግሞ ከመርፌዎቹ አንዱ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ቀላል ስፖርትም አይሠራም። ሕክምናው አልቆ ቤት ሲመለሱ ትኩሳቱ ጠፍቶ ምግብ ይጣፍጥዎታል፤ ጣፊያው ግን ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። የሚታይ ነገር ስለሌለ ትዕግሥት የሚያልቀው በዚህ ጊዜ ነው። ለክትትል የተቀጠሩበትን ቀን፣ በተለይ የስድስት ወሩን፣ አይዝለሉ፤ በሽታው የሚያገረሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ወደ ጨዋታ የሚመለሱት ሐኪምዎ ጣፊያዎ እንደማይዳሰስና የደም ማነስዎ እንደተስተካከለ ሲነግርዎ ነው።

አንድ ተጫዋች ሆዱን ወይም ግራ ጎኑን ከተመታ በኋላ በግራ የላይኛው ሆዱ ወይም በግራ ትከሻው ጫፍ ላይ ሕመም ከተሰማው፣ ካዞረው፣ ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ጣፊያው ደምቶ ሊሆን ይችላል። የትከሻው ሕመም ብዙዎችን ያሳስታል፤ ትከሻውን ማንም አልነካውምና። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ። ምግብና መጠጥ አይሰጠው፤ ሆዱ አይታሽ። መድማቱ ከሰዓታት፣ ከቀናትም በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ቤተሰብ «ትናንት ተመትቶ ነበር» የሚለውን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ከፋርማሲ እየገዙ ከጨዋታ በፊት መዋጥ በብዙ ቡድኖች የተለመደ ነው። በካላዛር የደም መርጊያ ሕዋሳት ስለሚቀንሱ እነዚህ መድኃኒቶች መድማትን ያባብሳሉ። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ውኃ ባጠረው ሰዓት ኩላሊቱን ይጎዱታል።

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ

መጫወት ክልክል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማል። ግን ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግፊት፣ ስኳር፣ የማጨስ ልማድ ወይም በቤተሰብዎ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ይመርመሩ። ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ውኃና ጨው ያስወጣል፤ ኢናላፕሪልን የመሰሉትም ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊትን ያስቸግራሉ፤ አቴኖሎል የልብ ምትን ስለሚይዝ የድካምዎን መጠን በምት ቆጥረው ማወቅ አይችሉም። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ኳስ በሙቀት እንደሚጫወቱ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች ሳይበሉ ከተጫወቱ ስኳራቸው ይወርዳል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መደናገር ሲመጣ ሙቀት ሊመስል ይችላል። ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር፤ ቢያንስ ሁለት ጓደኞችዎ ስኳር እንዳለብዎ ይወቁ። ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ውኃ በያዘ ገንቦ ጎን ወይም በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ራሱ ሳይረጥብ፣ ይቀመጥ።

ሲሮጡ የሚመጣና ሲቆሙ የሚሄድ የደረት መጨነቅ፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር «ጨጓራ ነው» ተብሎ አይታለፍ። በዚያው ቅጽበት ያቁሙ፤ ሳይመረመሩም አይመለሱ።

ሰው ሳይነካ ቢወድቅ

ማንም ሳይነካው ዝርግፍ ብሎ የወደቀ፣ ሲጠሩት የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ሰው ልቡ ቆሟል ብላችሁ ተነሡ። ለጥቂት ሰከንድ ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚያንኮራፋም አየር ሊስብ ይችላል። ይህን የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት ለኩሰው የሚያሸቱ፣ ፊቱ ላይ ውኃ ረጭተው የሚጠብቁ አሉ፤ የሚጠፋው ጊዜ ግን ሕይወቱ ነው። በጀርባው አስተኙት። የአንድ እጅ መዳፍ በደረቱ መካከል፣ ሌላው እጅ በላዩ፤ ክርን ሳይታጠፍ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክማችሁ በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። ሌላው አምቡላንስ ይጥራ ወይም መኪና ያምጣ። ከፒታ ሃያ ሁለት ሰው ያለበት ሜዳ ላይ የሚቀያየር ጉልበት አይጠፋም፤ የሚጠፋው አንድ ጊዜ እንኳ የተለማመደ ሰው ነው። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለአንድ ጠዋት ጋብዛችሁ ተለማመዱት።

ወለምታና ስብራት

በእግር ኳስ ቋንቋ «ወጌሻ» የቡድኑ የሕክምና ሰው ነው፤ በአገር ቤት ደግሞ ስብራት የሚያስረው። ወለምታ ያበጠበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በኃይል መታሸቱ መድማቱን ይጨምራል፤ በቀዝቃዛ ነገር ይያዝ፣ ከፍ ተደርጎ ይረፍ። እግሩን መሬት ላይ አስረግጦ አራት እርምጃ መሄድ ያልቻለ ሰው ራጅ ያስፈልገዋል። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠብቆ ታስሮ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታና ሆስፒታል ይሂድ፤ ሌሊቱን ያሳደሩት እግር የተቆረጠበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተቀምጦ የሚያይ ሰው

ሐኪም «ለስድስት ወር አትጫወት» ሲለው ብዙ ሰው የሚከብደው ኳሱ ሳይሆን እሑድ ጠዋት ቤት መቅረቱ ነው። ሚስት «እግሩ ሜዳ እንዳይረግጥ» ብላ ብትከለክል አሳቢነቷ ግልጽ ነው፤ ግን ሰውየው ከጓደኞቹ ሲለይ ክትትሉንም ይተዋል፣ ወይም ተደብቆ ይጫወታል። የሚሻለው አብሮ ሄዶ ሜዳ አለመግባቱ ነው። ይዳኝ፤ ሰዓት ይያዝ፤ በየ15 ደቂቃው የውኃ ፊሽካ የሚነፋው እሱ ይሁን። የቡድኑ አለቃ «ከሐኪም ቃል ካላመጣህ አትሰለፍም» ቢለው ደግሞ ከሚስት ክልከላ ይልቅ ይሰማል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከጨዋታ በኋላ የሚመሽ ወግ ካለ ከዛፍና ከመሬት ስንጥቅ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ እጅጌና ሱሪ ረጅም ይሁን። ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ እርሻ ላይ ሲያድሩም ይዘውት ይሂዱ።

የቡድኑ ቦርሳ ውስጥ ከኳስ መንፊያው ጎን የሚከተሉት ይኑሩ፦ አሥር ከረጢት ኦአርኤስ፣ ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ለመጠጥ፣ አንድ ጀሪካን ለማቀዝቀዣ፣ ስኳር፣ ንጹሕ ጨርቅና ፋሻ፣ ቴርሞሜትር። በወረቀት ላይ ደግሞ የአምቡላንሱ ስልክ፣ በዚያ ሰዓት መኪናው ያለ ሹፌር ስም፣ እና የእያንዳንዱ ተጫዋች የቤተሰብ ስልክ ከሚወስደው መድኃኒት ጋር ተጽፎ ይቀመጥ። ወረቀቱን የሚይዘው ሰው ሲቀር ለማን እንደሚሰጥም ከወዲሁ ይወሰን።